ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ሲ አለ

የዛሬው ዝግጅት በተለይ እዚህ አሜሪካ የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ያላችሁን ይመለከታል። ልጆቹ አጠገባችሁ ካሉ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው ይስሙ። ወላጆች በስልክም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢም ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው፦ ልጄ ጎበዝ ነው፣ ግን ውጤቱ ሁሉ ኤ አይደለም፤ ጥቂት ቢ አለበት፣ እንዲያውም አንድ ሲ ገብቶበታል። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዞር ብለው ያዩታል ወይ?

ሊያዩት ይችላሉ። እንዴት እንደሚያዩት ለመረዳት ግን መጀመሪያ ጂፒኤ በሚባለው ቁጥር ላይ መስማማት አለብን።

አብዛኞቻችን የማትሪክ ልጆች ነን። ያን ጊዜ ውጤት ከ4 ነበር የሚቆጠረው። 3.6 ያመጣ ልጅ እናቱ ደግሳ ጎረቤት ትጠራለት ነበር። ፈተናው ለሁሉም አንድ ስለሆነ የጎንደሩ 3.6 ከአዲስ አበባው 3.6 እኩል ነው። ቁጥሩን ያየ ሰው ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልገውም። አገር ቤት ዛሬም በአንድ ፈተና መወሰኑ አልቀረም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ ይህን ዜና እዚህ ሆነን ስንሰማ ስንቶቻችን ነን ለዘመድ የደወልነው! ከእንዲህ ያለ ሥርዓት የመጣ ወላጅ የልጁን ጂፒኤ ሲያይ ማትሪክ ቢታየው አይፈረድበትም።

የአሜሪካው ጂፒኤም ከ4 ነው የሚቆጠረው፤ የሚያሳስተንም ይኸው ነው። ከዚህኛው ቁጥር ጀርባ አገር አቀፍ ፈተና የለም። እያንዳንዱ መምህር በራሱ ሚዛን የሰጠው ውጤት ተደምሮ የመጣ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ኤፒ ለሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ክፍሎች ጭማሪ ነጥብ እየሰጠ 4.5 ይጽፋል፣ ሌላው ምንም አይጨምርም። ዩኒቨርሲቲዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ቁጥሩን ብቻውን አይወስዱትም። ትራንስክሪፕት ከሚባለው የውጤት ወረቀት ጋር፣ ካውንስለር የሚባለው የተማሪዎች አማካሪ የትምህርት ቤቱን ፕሮፋይል ይልክላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ስንት ኤፒ እንደሚያስተምር፣ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጥር፣ ምን ዓይነት ተማሪዎች እንደሚማሩበት እዚያ ላይ ይገኛል። ሃያ ኤፒ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ሁለት ብቻ የወሰደና አራት ብቻ በሚሰጥበት ሦስቱን የወሰደ ተማሪ፣ ጂፒኤያቸው እስከ ነጥቡ አንድ ቢሆን እንኳ ማመልከቻውን ለሚያነበው አድሚሽን ኦፊሰር እኩል አይደሉም።

ሙሉ ውጤትም ቢሆን በር አያስከፍትም። ሃርቫርድ በተማሪ አመራረጡ ተከሶ በ2018 ቦስተን ላይ ችሎት በቆመ ጊዜ፣ ለዓመታት በጓዳ የነበረ ብዙ ነገር አደባባይ ወጣ። በ2015 ለመግባት ካመለከቱት ወደ 26 ሺህ የሚጠጉ የአገር ውስጥ ተማሪዎች ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑት ጂፒኤያቸው ሙሉ ነበር። ለዚያ ዓመት የነበረው ቦታ ደግሞ 1,600 ገደማ ነው። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ሙሉ ኤ ያላቸውን ብቻ እወስዳለሁ ቢል እንኳ ለአንድ ወንበር አምስት ልጅ ይደርሳል። ስለዚህ ምርጫው በሌላ ነገር ነው የሚካሄደው። በክፍል ውጤት፣ ከክፍል ውጭ በሚሠራው፣ በስፖርትና በጠባዩ ለየብቻ ነጥብ እንደሚሰጡት በዚያው ችሎት ተሰምቷል። እዚያው የተማሩ ወላጆች ልጆችና የለጋሾች ልጆች የተለየ ዕድል እንዳላቸውም እንዲሁ። እኛ ዘመድ ያለው የምንለው እዚህም አለ ማለት ነው፤ እዚያው ለተማረ ሰው ልጅ የሚሰጠውን ዕድል እነሱ ሌጋሲ ይሉታል። ቨርጂኒያ በ2024 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ አግዳዋለች፣ ሜሪላንድም በዚያው ዓመት ተከትላለች።

ይህን ያልኩት ውጤት አይታይም ለማለት አይደለም። "ሆሊስቲክ" የሚሉትን፣ ተማሪውን በሁለንተናው የመመዘን ነገር ሰምቶ፣ ልጁ ጥሩ ድርሰት ከጻፈ ይገባል ብሎ የሚጽናና ወላጅ አጋጥሞኛል። ከመቶ አመልካች ሦስትና አራት የሚቀበሉት እነ ሃርቫርድና ስታንፎርድ ሲ የሞላበትን ትራንስክሪፕት ለማየት ጊዜ የላቸውም። መጀመሪያ የሚያጣሩት ይህ ልጅ እኛ ዘንድ ቢመጣ ትምህርቱን ይችለዋል ወይ የሚለውን ነው። ዛሬ የምናወራው ይችላል ተብሎ ስለሚገመት፣ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ እንከን ስላለበት ልጅ ነው።

እስቲ አንዲት ተማሪ እናስብ። የማናውቃት፣ ግን ሁላችንም የምናውቃት ዓይነት። ቤተሰቧ በዲቪ ከደሴ መጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቷል። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛዋ ኢሶል፣ ማለትም ቋንቋው አዲስ ለሆነባቸው የሚሰጠው ክፍል ነው፤ ጂኦሜትሪ ሲ፣ ባዮሎጂ ቢ። አሥረኛ ክፍል ከኢሶል ወጥታለች፤ አልጀብራ ሁለት ቢ፣ ኬሚስትሪ ቢ፣ ታሪክ ኤ። አሥራ አንደኛ ላይ ፕሪካልኩለስ ኤ፣ ኤፒ ባዮሎጂ ኤ፣ እንግሊዝኛ ቢ፣ ታሪክ አሁንም ኤ። ለአሥራ ሁለተኛ ኤፒ ካልኩለስና ኤፒ ኬሚስትሪ ተመዝግባለች። ጂፒኤዋ 3.4 ገደማ ነው እንበል። አባቷ 3.4ን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል።

አድሚሽን ኦፊሰሩ ያንኑ ወረቀት ከዘጠነኛ ጀምሮ ወደ አሥራ ሁለተኛ ነው የሚያነበው። ኢሶል የሚለውን ሲያይ ቋንቋ እየተማረች እንደነበር ይገባዋል። ትምህርቱ በየዓመቱ እየከበደ ውጤቷ እየወጣ መሄዱን ያያል። ሒሳብ ከሲ ተነሥቶ በፕሪካልኩለስ ኤ ላይ ደርሷል። አሁን ደግሞ ሌላ 3.4 ያለው ልጅ አጠገቧ እናስቀምጥ፦ ዘጠነኛ ሁሉም ኤ፣ አሥረኛ ግማሹ ቢ፣ አሥራ አንደኛ ላይ ቀላል ቀላል ክፍሎች መርጦ ሁለት ሲ። ቁጥራቸው አንድ ነው። አንዷ እየመጣች ነው፣ አንዱ እየሄደ። ለመጪው ዓመት ማንን ታምናላችሁ?

በልጅቷ ፋይል ላይ አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ያ ሲ ለምን መጣ? ኢሶል ከፊሉን ይመልሳል። የቀረውን የሚያውቀው ቤተሰቧ ብቻ ነው። እናት ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፣ አባት ኡበር ይነዳል፣ ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቿን ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ አብልታ፣ አስተኝታ ነው ደብተሯን የምትገልጠው። ይህ በየትኛው ወረቀት ላይ ተጻፈ? በየትኛውም። ኦፊሰሩም ሰነፍ ነበረች ብሎ ቢያልፋት የነገረው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ዋናው ችግር ይህ ይመስለኛል። እኛ የቤት ገመና አናወጣም። ካውንስለሩ "ቤት ውስጥ ሁሉ ሰላም ነው?" ሲለን "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን" ብለን እጁን ጨብጠን እንወጣለን። ሥራ ቆሞ ሦስት ወር ኪራይ ያልተከፈለ ቢሆንም ደህና ነን። አባት ልቡን ታክሞ ቢተኛም ደህና ነን። ካውንስለሩ ብዙ ጊዜ ሁለት መቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ተማሪ የሚይዝ ሰው ነው፤ ያልነገርነውን ከየት ያመጣዋል? የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ግን እሱ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዚሁ ደብዳቤ እንዲረዳው ለወላጅ የሚሞላ ቅጽ ይልካሉ። እኛ ባዶውን እንመልሳለን፣ ወይም "ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሰው ታከብራለች" ብለን አንድ መስመር እንጽፋለን። ያቺን ቅጽ በአማርኛም ቢሆን በርጋታ ጻፉትና የሚተረጉምላችሁ ሰው ፈልጉ። ምን እንደደረሰ፣ መቼ እንደደረሰ፣ ልጁ ምን እንዳደረገ ይግባበት። ልቅሶ አያስፈልግም። እንዲያውም ገመናው ሁሉ አይወጣም፤ ውጤቱን የሚያብራራው ያህል ብቻ ይበቃል።

ተማሪዋ ራሷም የምትናገርበት ቦታ አላት። ኮመን አፕ በሚባለው፣ ከአንድ ሺህ በላይ ኮሌጆች በሚቀበሉት ማመልከቻ ውስጥ ከድርሰቱ ሌላ ስላጋጠመ ችግርና ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ክፍል አለ። እንዲህ ልትል ትችላለች፦ "ዘጠነኛ ክፍል የጀመርኩት ከኢትዮጵያ በመጣሁ በጥቂት ሳምንት ነው። የጂኦሜትሪውን ትምህርት አውቀው ነበር፤ የጥያቄውን እንግሊዝኛ ግን አልረዳውም ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ሌሊት ስለምትሠራ ማታ ሁለት ወንድሞቼን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። አሁንም እጠብቃቸዋለሁ፤ ሒሳብ ግን በምሳ ሰዓት ከመምህሬ ጋር መሥራት ጀምሬአለሁ።" አለቀ። መምህሩ አይወደኝም ነበር የሚል የለበትም፣ ይቅርታም የለበትም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ ትበልጣለች፤ ልጅቷ ምን እንዳደረገች ትናገራለችና።

በዚያው ማመልከቻ ላይ ከክፍል ውጭ ስለሚሠራው እስከ አሥር የሚሞላበት ቦታ አለ። ልጆቻችን ሁለት ሦስት ሞልተው ያቆማሉ፤ ክለብና ስፖርት ብቻ የሚቆጠር ይመስላቸዋል። ዝርዝሩን ወረድ ብለው ቢያዩት ግን የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምርጫ አለ፣ ደመወዝ ያለው ሥራ የሚል አለ፣ ሃይማኖታዊ አገልግሎት የሚልም አለ። ቅዳሜና እሑድ የአክስቱ መደብር ካሽ ሬጂስተር ላይ የሚቆም ልጅ ሥራ አለው። አያቱን ሐኪም ቤት ወስዶ የሚያስተረጉም ልጅ ኃላፊነት አለበት። ሌሊት ተነሥቶ የሚቀድስ ዲያቆን፣ መስጊድ ውስጥ ሕፃናትን ቁርኣን የሚያስቀራ ልጅ ከአንድ የዲቤት ክለብ አባል ያነሰ ሥራ አይሠራም። ቅጹ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል፤ በሐቅ ይቆጠር። ለማብራሪያው የሚሰጠው ቦታ ግን 150 ፊደል ብቻ ስለሆነ ማሳመሪያ ቃል አይገባበትም። "ሁለት ወንድሞቼን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፤ እራት እሠራለሁ፤ የቤት ሥራ አሠራለሁ፤ በወላጅና መምህር ስብሰባ ላይ አስተረጉማለሁ" ብትል ሞልታዋለች።

ስለ ድርሰቱ አንድ ነገር ብቻ። ከፍተኛው 650 ቃል ነው። በሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን ለመቀበያ መለኪያ እንዳያደርጉ ከልክሏል፤ ይሁን እንጂ አመልካቹ ዘሩ ወይም ትውልዱ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን ቢጽፍ ማንበብና ማመዛዘን እንደማይከለከል ዋናው ዳኛ ሮበርትስ በዚያው ውሳኔ ላይ አስፍረዋል። ልጆቻችን ስለ ኢትዮጵያዊነታቸው መጻፍ ይችላሉ። የሚያሳዝነኝ ግን ድርሰቱ ብዙ ጊዜ የአባት ታሪክ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ በሱዳን በኩል እንዴት እንደወጣ፣ ካምፕ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ። ትልቅ ታሪክ ነው፣ አንባቢውም አባትየውን ይወዳቸዋል። የሚያመለክተው ግን ልጁ ነው።

እንከኑን በሌላ ማስረጃ መሸፈንም ይቻላል። ኮቪድ በመጣ ጊዜ ብዙ ኮሌጆች የኤስኤቲ ፈተናን አማራጭ አድርገውት ነበር። ኤምአይቲ በ2022 መልሶ ግድ አደረገው፤ በ2024 ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ተከተሉ። የዳርትማውዝ ምክንያት ለእኛ ልጆች ትርጉም አለው፤ አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦችና ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች፣ ቢልኩት ኖሮ ይጠቅማቸው የነበረውን ነጥብ ዝቅ ያለ መስሏቸው ሳይልኩ እንደሚቀሩ አገኘ። ነጥቡም የሚታየው ከትምህርት ቤቱ አንጻር ነው፤ ብዙ ተማሪ 1000 በሚያመጣበት ትምህርት ቤት 1400 ያመጣ ልጅ ብርቅ ነው። ሒሳብ ላይ ሲ ያለበት ተማሪ በኤስኤቲ ሒሳብ ጥሩ ካመጣ፣ ወይም ሃይስኩል እያለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቶ አንድ የሒሳብ ኮርስ ወስዶ ኤ ካገኘ፣ ያ ሲ ታሪክ ይሆናል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አድማጮች ግን ልብ በሉ፦ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም እነ በርክሌና ዩሲኤልኤ፣ ኤስኤቲን ጭራሽ አያዩም። በሌላ በኩል ጂፒኤውን የሚያሰሉት ከዘጠነኛ ክፍል ማብቂያ ክረምት ጀምሮ እስከ አሥራ አንደኛ ማብቂያ ክረምት በተወሰዱ ክፍሎች ነው። የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ይታያል እንጂ ስሌቱ ውስጥ አይገባም።

መምህር ለሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ልጆቹ የሚሮጡት በቀላሉ ኤ ወደሰጣቸው መምህር ነው። ቢ ያገኘበት፣ ግን መምህሩ ከክፍል በኋላ እየቀረ ሲጠይቅ፣ ሲሳሳትና እንደገና ሲሠራ ያየው ልጅ ከዚያኛው የተሻለ ደብዳቤ ያገኛል። መምህሩ የሚጽፈው ነገር አለውና። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ደግሞ "አስገባሁ፣ ጨረስኩ" የሚባል ነገር የለም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያ አጋማሽ ውጤት ይላካል፣ የመጨረሻውም ይላካል። ከተቀበሉት በኋላ ውጤቱ ስለወረደ ቅበላው የተሰረዘበት ልጅም አለ።

ገንዘብን በተመለከተ በሰፊው ሌላ ቀን እንመጣበታለን። ለዛሬ ይህን ያዙ፦ ውድ የሚመስሉት ኮሌጆች መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይረክሳሉ። ሃርቫርድ ከ2025 መጸው ጀምሮ በዓመት 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገኝ ቤተሰብን ልጅ መኝታና ምግቡን ጨምሮ በነፃ ያስተምራል። በእያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል ማስያ አለ፣ በሕግ የታዘዘ ነው። ከማመልከት በፊት የቤታችሁን ገቢ አስገብታችሁ እዩት።

አሁን ወደ ሌላው መንገድ። በእኛ ዘንድ "ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባ" የሚባለው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዊልያም ኤንድ ሜሪና ከቨርጂኒያ ቴክ ጋር የተጻፈ ስምምነት አለው። የታዘዙትን ኮርሶች የተባለውን ጂፒኤ ይዞ የጨረሰ ተማሪ መግባቱ የተረጋገጠ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከኮሌጅ ፓርኩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተመሳሳይ መስመር አለው፤ ኤምታፕ ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች ቅድሚያ አላቸው። ስድስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ካምፓሶች፣ ከነሱም ዴቪስ፣ ኧርቫይንና ሳንታ ባርባራ፣ ታግ በሚባለው አስቀድመው ቦታ ያረጋግጣሉ። በርክሌ፣ ዩሲኤልኤና ሳንዲያጎ በታግ የሉበትም፤ ሆኖም ዩሲኤልኤ ከሃይስኩል በቀጥታ ካመለከቱት ከአሥሩ አንዱን እንኳ ሳይቀበል፣ በትራንስፈር ካመለከቱት ግን ከአራቱ አንዱን ገደማ ይቀበላል። ልጁ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በአብዛኛው የሚመዘነው በኮሌጁ ውጤት ነው፤ የጂኦሜትሪዋ ሲ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ክብደት የላትም።

ይህ መንገድ ሁሉ ቦታ አይሠራም። ሃርቫርድና ስታንፎርድ በትራንስፈር የሚቀበሉት እፍኝ የማይሞላ ነው። ፕሪንስተን ለብዙ ዓመት ትራንስፈር ዘግቶ ቆይቶ በ2018 እንደገና ሲከፍት ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎችና ለቀድሞ ወታደሮች ትኩረት እሰጣለሁ ብሏል፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። በስምምነቶቹም ቢሆን ኮርሱ የሚመረጠው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይቆጠር ኮርስ ወስዶ መጨረሻ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ነው፤ ስለዚህ በተመዘገበበት ሳምንት የትራንስፈር አማካሪውን ቢሮ ያንኳኳ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። "ልጅዎን የተባለው ዩኒቨርሲቲ አስገባለሁ፣ ዋስትና እሰጣለሁ" የሚል ሰው ከመጣባችሁ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። በ2019 ፌዴራል መንግሥት ያወጣው ትልቅ የማጭበርበር ጉዳይ ላይ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ልጆቻቸውን በሐሰት ስፖርተኛ ያስመዘገቡ ሀብታሞች እስር ቤት ገብተዋል። ድርሰት ማረም ሌላ፣ ዋስትና መስጠት ሌላ። ካውንስለሩ በነፃ ነው፤ የማመልከቻ ክፍያም አቅም ለሌለው ቤተሰብ ይነሣል፣ ካውንስለሩን መጠየቅ ነው።

ኮመን አፕ በየዓመቱ ኦገስት 1 ይከፈታል። የኧርሊ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ይዘጋል፣ መደበኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ። ለካውንስለሩ የሚሞላው የወላጅ ቅጽ ብዙ ቦታ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳያልቅ በፊት ስለሚሰጥ፣ ልጆቻችሁን ቦርሳቸው ውስጥ ተጨማድዶ እንደሆነ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻዎቹን፣ ፋፍሳንና ሲኤስኤስ ፕሮፋይልን፣ መስመር በመስመር እንሞላለን፤ ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት ይዛችሁ ጠብቁን።